ያለ እኔ የሚራመደው ሰዓት

ይህን ታሪክ አንብባችሁ «ሽማግሌው ጃጅቷል» እንደምትሉ አውቃለሁ። በሉ። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሐሰትን ስቀጣ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ በስተርጅና አልጀምረውም። የምነግራችሁ ሁሉ ሆኗል።

የሆነውም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ጨለማ አልነበረም። ዝናብና ነፋስም አልነበረም። ፀሐይ በሳሎኔ መስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ነበር። ከአጥር ማዶ አንድ ሰው ልብስ እያሰጣ ያፏጫል።

ክፉ ነገር ጨለማን ይጠብቃል ያላችሁ ማን ነው?

ከመነሻው ልጀምር።

ጡረታ የወጣሁ ርእሰ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን እኖራለሁ። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። አውቶቡስ ከማለዳ ተነሥቶ ወደ ማታ በሚደርስበት ሌላ ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። አላገባችም። እኔ ለእሷ፣ እሷም ለእኔ... ከዚህ ዓለም የቀረን ይኸው ነው።

ልጄ በአፍ የተነገረ ነገር አታምንም። የሥራዋ ጠባይ ነው። በሽተኛው «ስኳር የሚባል አልቀመስኩም» ብሎ ይምላል፤ ደሙ ግን ይመሰክርበታል። ስለዚህ በስልክ «ደኅና ነኝ» ባልኋት ቁጥር መልሷ አንድ ነበር።

«አባዬ፣ እሱን መሣሪያ ይንገረኝ።»

በመጨረሻም ስማርት ሰዓት ላከችልኝ። የራሱ ሲም ካርድ ስላለው፣ የልቤን ምትና እርምጃዬን እሷ እዚያ ሆና በስልኳ ታየዋለች። ያለሁበትም ቦታ በካርታ ላይ እንደ ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ይታያታል።

ስለዚህ ሰዓት ምን ልበላችሁ?

በየዕለቱ ቻርጅ ካልተደረገ ይሞታል። ጊዜ ለማየት እጄን ሳነሣ ይጠፋል፤ ሳልፈልገው ይበራል። መጽሐፍ ይዤ ስቀመጥ ክንዴን እያንዘረዘረ «ይነሡ!» ይለኛል። ስንቱን ተማሪ «ተነሥ!» ስል ኖሬ፣ በመጨረሻ አንድ ቁራጭ መስታወት አዛዥ ሆነብኝ። ይባስ ብሎ እንቅልፌን እያረመ ጠዋት ጠዋት ውጤት ይሰጠኛል። በትምህርት ዘመኔ እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ውጤት አምጥቼ አላውቅም።

የከፋው ግን በአንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ቀብር ላይ የሆነው ነው። ሬሳውን ተከትለን በዝግታ ስንሄድ፣ በዚያ ሁሉ ጸጥታ መካከል ክንዴ ላይ ጮኸ...

«እንኳን ደስ አለዎ! የዛሬ ግብዎን አሳክተዋል!»

የሟች ባለቤት ዞራ አየችኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ያን ዕለት አውልቄ ልወረውረው ነበር። ካወለቅሁት ግን ልጄ ትደነግጣለች፤ ሥራዋን አቋርጣ ትደውላለች፤ ታለቅሳለች። ስለዚህ ተሸከምሁት።

መላውን ያመጣው ግሎብ ነው።

ግሎብ ጎረቤቴና የረጅም ዘመን ወዳጄ፣ የጂኦግራፊ መምህር የነበረ ሰው ነው። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ራሱ ላይ አንዲት ጠጉር አትገኝምና።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ዕቃ የሚፈልገው መንቀሳቀስ ብቻ አይደል?» አለኝ። «እዚያ ላይ እሰርለትና ተገላገል!»

በጣቱ ያሳየኝ ትልቁን የግድግዳ ሰዓቴን፣ ከሥሩ ግራና ቀኝ የሚወዛወዘውን የናስ ፔንዱለም ነበር።

«ማታለል ነዋ!» አልሁት።

«ማንን ነው የምታታልለው? ሰዓትን በሰዓት ማታለል ኃጢአት ነው የሚል መጽሐፍ ካለህ አምጣ!»

ሳቅሁ። አሰርሁትም።

ለጥቂት ቀናት ሰላም አገኘሁ። መጽሐፌን ያለ ከልካይ አነበብሁ። ልጄም ደስ አላት። «ጎበዝ አባዬ! እንዲህ ነው እንጂ!» ትለኛለች። ይህ ሁሉ ለደስታዋ ነው ብዬ ኅሊናዬን አስተኛሁት።

አንድ ቀን ግን እንዲህ አለችኝ።

«ልብህ እንዴት ጥሩ ሆኗል! የወጣት ልብ እኮ ነው የሚመስለው።»



ናስ ልብ የለውም።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ግድግዳው ሄድሁ። ፔንዱለሙ ይወዛወዛል... ግራ... ቀኝ... ከታሰረው ሰዓት ጀርባ አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል። መስታወቱ ላይ ደግሞ ትንሿ ቀይ ልብ ትመታለች... ትመታለች...

ግሎብን ጠራሁት። ዓይኑን አጥብቦ ተመለከተ።

«ነጸብራቅ ነው» አለ። «ብርሃኑ ሲመለስበት ይሳሳታል። ብርቱካን ላይ ቢያስሩትም የልብ ምት ያሳያል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

የተማረ ሰው ነውና አመንሁት።

በማግሥቱ ልጄ ደወለች።

«አባዬ፣ ትናንት ከድልድዩ ማዶ ምን ልትሠራ ሄድክ?»

«የምን ድልድይ?»

«ካርታው ላይ አየሁህ እኮ! ዋናውን መንገድ ይዘህ ስትሄድ...»

ትናንት ከቤቴ ደጃፍ አልወጣሁም።

ሰዓቱን ከፔንዱለሙ ፈትቼ መሳቢያ ውስጥ አኖርሁትና ቆለፍሁበት። ባትሪው አለቀ። ቻርጅ አላደረግሁትም። መስታወቱ እንደ ከሰል ጠቁሮ ቀረ።

ልጄ ግን እርምጃዬን ማየቷን አላቆመችም።

እውነቱን ነገርኋት። ሰዓቱን እንዳወለቅሁ፣ መሳቢያ ውስጥ እንደሞተ፣ እኔም ከወንበሬ እንዳልተነሣሁ አንድ በአንድ አስረዳኋት። ሳቀች።

«ኪኒኔን ውጫለሁ የሚሉኝ ሽማግሌዎችም እንደዚሁ ነው የሚምሉልኝ! አባዬ፣ ወደ እኔ እየመጣህ ነው አይደል? ልታስደንቀኝ ፈልገህ ነው!»

«ልጄ፣ ቤቴ ተቀምጫለሁ እልሻለሁ!»

«እሺ፣ እሺ... ምንም አላየሁም። ግን በእግርህ አትምጣ፣ ስሞትልህ፣ አውቶቡስ ያዝ። ሌሊቱን በሙሉ ስትሄድ ነው ያደርከው። አንዴ እንኳ አላረፍክም።»



ምስሌን እንዳላሳያት ስልኬ ቁልፎች ያሏት አሮጌ ናት። ግሎብ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ «ልጄ፣ አባትሽ ይኸው ፊቴ ተቀምጧል!» አላት።

«ጋሼ፣ እርስዎም ተባበሩት?» ስትል ሰማኋት። ግሎብ ዕድሜውን ሙሉ በቀልድ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ የምሩን ቢናገር ማን ይመነው?

ስልኩን መለሰልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልድበት ነገር ሲያጣ አየሁት።

«ሂድ» አለኝ። «ተነሥና ሂድ። ሳይደርስባት ድረስላት።»

አውቶቡሱ የሚነሣው በማለዳ ብቻ ነበር። ቦርሳዬን አዘጋጅቼ በማግሥቱ ልሄድ ተቀመጥሁ።

ያን ዕለት ነው እንግዲህ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ስልኬ የጮኸው።

«አባዬ! ደረስክ እኮ!» ድምፅዋ በደስታ ይዘላል። «ነጥቡ በሬ ላይ ነው! ለምን አታንኳኳም?»

«ልጄ... ድምፅሽን ቀንሺ። በሩ ተቆልፏል?»

«አዎ። ምነው?»

«አትክፈቺ።»

ሳቋ ቆመ።

በስልኩ ውስጥ ሰማሁት...

ኳ...

ኳ...

ኳ...

«እያንኳኳህ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው?»

«አላውቅም። ከበሩ ራቂ።»

ትንፋሿን እሰማለሁ። ከዚያም ከበሩ ማዶ አንድ ሰው ሳለ።

ሳሉን ዐወቅሁት። የእኔ ነው።

«ክፈቺልኝ እንጂ፣ ልጄ... ደክሞኛል።»

ድምፁም የእኔ ነው። ነገር ግን ያን ሁሉ አገር በእግሩ አቋርጦ «ደክሞኛል» የሚለው ድምፅ አንዳችም አላለከለከም። በቃልና በቃል መካከል እንኳ ትንፋሽ አይወስድም።

«አባዬ...» አለች። ለማናችን እንደሆነ አላወቅሁም።

«እዚህ ነኝ፣ ልጄ። ስልኩ ላይ ነኝ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። ድምፅዋን ለሁለታችንም እንዲሰማ አድርጋ ከፍ አደረገችው። «ትንሽ ሳለሁ፣ እማዬ ሳትሰማ ምን ብለህ ነበር የምትጠራኝ?»

አፌን ከፈትሁ።

«ጢንዚዛዬ» አለ ከበሩ ማዶ ያለው።

ቃሉን ከምላሴ ላይ የነጠቀኝ ያህል ነበር። «ጢንዚዛዬ!» አልሁ እኔም... ግን ዘግይቼ ነበር። ከጎረቤቱ የቀዳ ተማሪ ሲመልስ እንዲህ ነው የሚሰማው። ስንቱን እንዲህ ስላየሁ ከክፍል አስወጥቻለሁ።

«እሱ ቀድሞ መለሰ» አለች።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ! አባትሽ ነኝ! ድምፄን አትለዪም?»

«ድምፃችሁ አንድ ነው።»

«እንግዲያ ልብሽ የሚልሽን ስሚ!»

«የእሱ ልብ ይታየኛል።» እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለየሁም። «ይኸው፣ እየመታ ነው... ያንተ አይታየኝም። አንተ ማነህ?»

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ምን ልመልስላት? ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል። መድኃኒቱን በመሣሪያ እያስመረመረ ለሚቀበል ሰው ግን ምን ይባላል?

«እባክሽ...» አልሁ። ያለኝ ይኸው ነበር።

የቁልፉን መዞር ሰማሁ።

የበሩን ማጠፊያ ሲጢጥታ ሰማሁ።

«ውይ አባዬ...» አለች ልጄ። ለእኔ አልነበረም። «እጅህ እንዴት ይቀዘቅዛል...»

ስልኩ ተዘጋ።

ደወልሁ። ደገምሁ። ማንም አላነሣም።

መሳቢያውን ከፈትሁት። ሰዓቱ በቦታው ነበር፤ ጥቁር፣ ሙት። ክፍት አድርጌ ያስቀመጥሁት ማሰሪያ ግን ተቆልፎ ክብ ሠርቷል... በውስጡ ክንድ ያለ ይመስል። በጣቴ ነካሁት።

በላብ ረጥቧል።

በዚያች ከተማ ላለው ፖሊስ ደውዬ ለመንሁ። ሄደው አይተዋት በትሕትና መለሱልኝ። «አይስጉ አባቴ፣ ልጅቱ ደኅና ናት። አባቷም አብረዋት አሉ።»

በማለዳው አውቶቡስ ተሳፈርሁ። መንገዱን ሁሉ ከመስኮቱ ውጭ ሳይ ዋልሁ። ዋናው መንገድ ነው፤ ድልድዩም አለ። ከዳር ያሉት ውሾች ሁሉ አፍንጫቸውን ወደ ልጄ ከተማ አዙረው ቆመዋል። አንዱም አይጮኽም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስሁ። አንኳኳሁ።

በሩ ተከፈተ።

ልጄ ናት። ደኅና ናት። ፊቷ በርቷል። የበሩን መቃን ያዝሁ። «ተመስገን» ልል አፌን ስከፍት...

«አቤት፣ አባት? ማንን ፈልገው ነው?»

«ልጄ... እኔ ነኝ።»

«ቤት ተሳስተው ይሆናል።» ቁጣ አልነበረባትም። በሽማግሌ ፊት እንዴት እንደሚቆም፣ እንግዳ እንዴት እንደሚከበር ያስተማርኋት ልጅ ናት፤ ሁሉንም እንዳስተማርኋት አደረገችው። ወደ ስልኳ አጎነበሰች፤ ደግሞም ፈገግ አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቀስ ብለው ይናገሩ። አባቴ ተኝቷል። ይኸው፣ ልቡ ዝግ ብሏል። ብዙ መንገድ ነው የመጣው።»

«ልጄ፣ እይኝ እንጂ! ፊቴን እይው!»

አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። በዓይኗ ውስጥ ያገኘሁት ግን ለማያውቁት ሽማግሌ የሚደረግ ርኅራኄ ብቻ ነበር።

«ደክሞዎታል» አለች። «ይቁሙ፣ ውሃ ላምጣልዎ።»

በሩን ገርበብ አድርጋ ትታው ወደ ውስጥ ገባች። ልከተላት ፈለግሁ። እጄን በሩ ላይ አደረግሁ። ከውስጠኛው ክፍል የአልጋ ሽቦ ሲንቋቋ ሰማሁ... አንድ ሰው ዞሮ የተኛ ያህል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። የመስታወት ብርጭቆ ድምፅ ብቻ፣ የውሃ መንቆርቆር ብቻ።

ዓይኔን መሬት ላይ ጣልሁ።

ከደፉ ውስጥ፣ ከልጄ ነጠላ ጫማ ጎን፣ የወንድ ጫማዎች ተደርድረዋል። አቧራ ለብሰዋል። ሶላቸው በመንገድ ብዛት አልቆ ወለሉ በቀዳዳው ይታያል። ተረከዛቸው ወደ ውስጥ፣ አፍንጫቸው ወደ እኔ ዞሯል።

ሁለቱም የግራ እግር ነበሩ።