ዘፈኑ ኮምቦልቻ ላይ ያልቃል

አሳምነው የማዳም ሾፌር ነበር፤ እኔ የልጇ ሞግዚት። ሳዑዲ፣ ኾባር ባለው ቤታቸው ውስጥ ከሾፌር ጋር ማውራት ክልክል ነው። ሐሙስ ሐሙስ ግን የአምስት ዓመቷን ዓሊያን ደማም፣ አል አዳማ ወዳለው የአያቷ ቤት ስንወስድ መኪናው ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነን። እሱ ከፊት፣ እኔና ዓሊያ ከኋላ።

መጀመሪያ ያቀራረበን ዘፈን ነው። ያን የድሮ ዘፈን ማን የማያውቀው አለ? ዘፋኙ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በአውቶቡስ ሲሄድ አጠገቡ ለተቀመጠች ልጅ ያወጣው ነው ይባላል። የመንገዱን ከተሞች በተራ እየጠራ ይሄድና ኮምቦልቻ ላይ ያልቃል። ልጅቷ እዚያ ወርዳበታለች።

አሳምነው ሲያንጎራጉር ደብረ ሲናን ዘለላት። አላስቻለኝም።

«ደብረ ሲናን የት ጣልካት?»

በመስታወቱ አየኝ። «አንቺ እንድታነሺያት ብዬ ነዋ!»

ከዚያ ወዲያ የኾባርና የደማም አውራ ጎዳና የወሎ መንገድ ሆነ። ድልድዩ ጣርማ በር ነው። ውጭው እንደ እሳት እየነደደ፣ «ተከናነቡ፣ ብርዱ አይጣል ነው!» ይለናል። እኔና ዓሊያ በሻሼ ተጠቅልለን እንስቃለን። ቤንዚን ማደያው ሸዋ ሮቢት ነው፤ ልጄን ሙኒትን ለእህቴ ትቼ የመጣሁበት አገር።

«ሙኒት መንገድ ዳር ቆማለች፤ እጅሽን አውለብልቢላት እንጂ!» አለኝ አንድ ቀን።

ለማደያው አውለበለብኩ። ሳቄ መሃል ላይ እንባ ሆነ። እሱ መኪናውን ቀስ አደረገው።

የአያትየዋ በር ደሴ ነው፤ የእሱ አገር።

«ደሴ ስንደርስ አንድ ነገር እነግርሻለሁ» ይለኛል ሁልጊዜ።

«አሁን ንገረኛ!»

«መንገድ ላይ የሚነገር አይደለም።»

ስንደርስ ግን በሩ ይከፈታል፣ ሰው ይወጣል፣ ዓሊያን ይዤ እገባለሁ።

ዘፈኑ የልጅቷን ስም በሚጠራበት ቦታ እሱ «ትርፌ» ማለት ጀመረ። ስሜን ስሰማ ደስ አለኝ። ዓሊያም እንደምትሰማ ማናችንም አላሰብንም።

አንድ ዓርብ፣ ዘመድ ሁሉ ለምሳ በተሰበሰበበት፣ ዓሊያ ተነስታ ዘፈነች። ከተሞቹን አንድም ሳትስት፣ ከነስሜ።

የማዳም ፊት ጠቆረ። «ስምሽ እዚህ ዘፈን ውስጥ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

ሙኒት ደብተሯን ይዛ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታየችኝ። ብባረር ማን ያስተምራታል? «አላውቅም፣ ማዳም» አልኩ።

አሳምነው በር ላይ ቆሞ ነበር። «እሷ የለችበትም። ልጅቷን ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አለ።

«ኸላስ! አበቃ!» አለች ማዳም። በሳምንቱ ወደ አገሩ የሚመልሰው ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛው፣ ተመታለት።

የመጨረሻው ሐሙስ ማዳም ራሷ አብራን ተሳፈረች። አሳምነው አላንጎራጎረም። በመስታወቱም አላየኝም። ጥፋቱን ብቻውን ተሸክሞ ሊሄድ ነው። እኔ ግን «አላውቅም» ብዬ ክጄዋለሁ።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሻሼን እስከ አገጬ ጠቀለልኩና ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ፣ «ብርዱ አይጣል ነው!» አልኩ።

ዓሊያ እየሳቀች ሻሼ ሥር ገባች። ማዳም ያመመኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰች፤ ማቀዝቀዣውን እንዲቀንስም አዘዘችው። እሱም ቀነሰው፤ መኪናውንም እንደዚያ ቀን ቀስ አደረገው።

በሩ ላይ የዓሊያን ቦርሳ ሲያቀብለኝ ቀና አላለም። ለቦርሳው እንደሚያወራ ሁሉ፣ «ደሴ ላይ የምነግርሽ ደሴ ይጠብቅሻል» አለ።

አዲሱ ሾፌር አይዘፍንም። ኮንትራቴ ሊያልቅ ሰባት ወር ይቀረዋል። ሰው ሰባት ወር ይጠብቃል? እንጃ። ሌት ተቀን የማስበው እሱን ነው።

ዓሊያ ግን ዛሬም ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሻሼን ጎትታ ትከናነባለች። ማደያው ጋ ለሙኒት እጇን ታውለበልባለች። የአያቷ በር ላይ ሾፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋ እጄን ትይዝና ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ወሰልና ደሴ?» ደሴ ደረስን ወይ ማለቷ ነው።

«ገና ነን፣ የኔ እናት» እላታለሁ። «ገና ነን።»