አንድ ቃል ላይ ሲደርስ የሚጠፋው ስክሪን

ቡዳ በላው፣ ዛር ያዘው፣ የሞተ ሰው ታየ ሲባል በሰው ፊት የምስቅ ሴት ነኝ፣ ልጅ ሆኜ ጎሬ እያለን እናቴ ማታ ማታ ውሃ ወደ ውጭ አይደፋም ስትለኝ ሆን ብዬ እደፋ ነበር፣ መቱ መጥቼ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከከፈትኩ ወዲህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጋር ስጨቃጨቅ ስለምውል ለእንዲህ ያለ ወሬ ጊዜም የለኝ። ማሽን ሲበላሽ ምክንያት አለው፣ ወይ ኬብል ነው፣ ወይ መብራት ነው፣ ወይ እኔ ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ "ወይንሸት ደግሞ ጀመራት" እንዳትሉኝ፣ እኔ ራሴ ለራሴ ስንቴ ብያለሁ።

የላፕቶፔ የራሱ ስክሪን ተሰንጥቋል፣ ማን ሰነጠቀው አትበሉኝ፣ ተናድጄ ስዘጋው ነው፣ እና ያገለገለ ሞኒተር ከጎረቤቴ ከጋሼ ከማል ወስጄ በኬብል አገናኝቼ እሠራለሁ። ጋሼ ከማል ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰን ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ናቸው፣ ከወልቂጤ በኩል በወጣትነታቸው መጥተው እዚሁ የሸበቱ፣ እኔን ካላበሸቁ ቀኑ የማይመሽላቸው ሰው። ሞኒተሩ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ እስከዚያ ቀን ድረስ አንዴም አላስቸገረኝም።

ክረምት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ የመቱን ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጎንህ ያለ ሰው ቢጮህ አይሰማም። አንዲት እናት እየተንጠባጠቡ ገቡ፣ አዴ ብቂልቱ ይባላሉ፣ ከዳሪሙ ነው የመጡት፣ ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። ከጉያቸው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። የሟች ባላቸው ኑዛዜ ነው፣ ሰውየው አልጋ ላይ ሆነው የተናገሩትን አንድ የሰፈራቸው አስተማሪ በአፋን ኦሮሞ በእጁ ጽፎታል፣ አስተማሪው ከዚያ በኋላ ተዛውሮ የት እንደሄደ አይታወቅም። አሁን ልጆቻቸው የቡናውን መሬት እንካፈል ብለው ተነሥተዋል፣ ነገ ጠዋት ጃርሶሊ፣ ሽማግሌዎቹ ማለት ነው፣ ተቀምጠው ኑዛዜውን ያስነብባሉ፣ ወረቀቱ ግን ከመታጠፍ ብዛት ሊበጣጠስ ስለደረሰ በኮምፒውተር አስጽፈው ከዋናው ጋር እንዲያመጡ ታዘዋል። የዳሪሙ የመጨረሻ መኪና አሥር ሰዓት ላይ ይወጣል።

"መሬቱ ከተከፈለ እኔ በምራቶቼ በር ለበር መዞሬ ነው" አሉኝ፣ ሳያለቅሱ፣ ነጠላቸውን እየጨመቁ።

አንጀቴን በሉኝ። ሌላውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን አድርጌ፣ ከኋላዬ ያለው አግዳሚ ላይ አስቀምጫቸው መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ነገር ግን ማወቅ አለባችሁ፣ አፋን ኦሮሞ አፌን የፈታሁበት ያህል ነው፣ ቁቤ፣ በላቲን ፊደል መጻፉን ማለቴ ነው፣ ግን የተማርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፣ ስለዚህ ስጽፍ ቃሉን አልሰማውም፣ ዓይኔ ፊደሉን ያያል፣ እጄ ይመታል፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነው። በቀን ሠላሳ ገጽ የሚጽፍ ሰው እንደዚያ ነው የሚሠራው።

አራተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ስደርስ ስክሪኑ ድርግም አለ።

መብራት ሄደ ብዬ ቀና ስል አምፖሉ ይበራል። የሞኒተሩም መብራት ሰማያዊ ሆኖ በርቷል፣ ኬብል ሲላቀቅ እንኳ "ኖ ሲግናል" ብሎ ይጽፋል እኮ፣ ይሄ ምንም የለውም፣ ጥቁር ብቻ። በጥቁሩ መስታወት ላይ የራሴ ፊት ይታየኛል፣ ከኋላዬ አግዳሚው፣ አዴ ብቂልቱ፣ ከጎናቸው ደግሞ ፎጣ ጭንቅላቱ ላይ የጠመጠመ፣ ዱላውን በጉልበቱ መሀል ያቆመ ሰው። ከዝናብ ሊጠለል የገባ መንገደኛ መሰለኝ፣ ደንበኛ ነውና እንኳን ደህና መጡ ልል ዞርኩ። አዴ ብቂልቱ ብቻቸውን ናቸው። ወጣ ማለት ነው ብዬ ሞኒተሩን አጥፍቼ አበራሁት፣ ተመለሰ።

ቃሉን እንደገና ልጨርስ ስል ድርግም። የኬብሉን ብሎኖች አጠበቅኩ፣ ሶኬት ቀየርኩ፣ ስክሪኑ ራሱን እንዳያጠፋ የሚደረገውን ሁሉ አስተካከልኩ፣ ድርግም። ግድግዳውን ደብድቤ ጋሼ ከማልን ጠራሁ። ሌላ ኬብል ይዘው መጡ፣ ቀየሩልኝ፣ ያው ነው። ሞኒተሩን ተሸክመው ወስደው ከራሳቸው ማሽን ጋር አገናኙት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቁጭ ብለው አዩት፣ ንቅንቅ አላለም፣ መልሰው ሲያመጡልኝ "ወይንዬ፣ ይሄ ሞኒተር እኔ ጋ ጨዋ ነው፣ አንቺን ነው የፈራው" አሉኝ። ተናደድኩ። ላፕቶፑ ይሆናል ብዬ የአንድ ትምህርት ቤት ፈተና ከፍቼ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፣ ሞኒተሩ ጥርት ብሎ በርቷል። ወደ ኑዛዜው ተመለስኩ፣ አራተኛው መስመር፣ የመጨረሻው ቃል፣ የመጨረሻው ፊደል፣ ድርግም። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

በዚህኛው ጊዜ መስታወቱ ውስጥ የሚታየኝ ሰው ተቀምጦ አይደለም። ቆሟል፣ ከወንበሬ ኋላ፣ ፎጣው እስከ ቅንድቡ ወርዷል፣ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። የዱላው ጫፍ ሲሚንቶው ላይ ኳ፣ ኳ ሲል ግን ሰምቻለሁ፣ በዚያ ዝናብ ውስጥ፣ እመኑኝ። ጋሼ ከማል በሩ ጋ ኬብሉን እየጠቀለሉ ነበር፣ ምንም አላዩም፣ ምንም አልሰሙም። አልዞርኩም። ብዞር ማንም እንደሌለ አውቄዋለሁ፣ ባልዞርም አልቀለለኝም።

እኔ ስፈራ የምናደድ ሰው ነኝ፣ ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው። ወረቀቱን መንጭቄ አነሣሁና ይሄ መስመር ምን አለውና ነው ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ "ላፍቲ ቡና ኮ ሀማ ኢሼን ጅርቱቲ ሂን ቆዳማ።"

አዴ ብቂልቱ ከአግዳሚው ተነሡ።

"ማል ጄቴ? ምን አልሽ?" አሉኝ፣ "ሂን ቆዳሙ ነው ያለው። እጄን ይዞ፣ በዚህ ጆሮዬ እየሰማሁ ነው ያለው።"

ያን ጊዜ ቃሉን ሰማሁት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። "ሂን ቆዳሙ" አይከፋፈልም ነው። "ሂን ቆዳማ" ይከፋፈላል ነው፣ ሌላው አገር ለዚህኛው "ኒ" ይላል፣ በኛ ኢሉባቦር አፍ ግን ሁለቱም "ሂን" ናቸው፣ የሚለያቸው የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት፣ እሷም በእጅ ስትጻፍ ላይዋ ክፍት ከሆነ "ኡ"፣ ከተዘጋ "አ"። የሰውየው ቃል "የቡና መሬቴ እሷ እስካለች ድረስ አይከፋፈልም" ነው፣ እኔ ደግሞ በገዛ እጄ "እሷ እስካለች ድረስ ይከፋፈላል" ብዬ ልሰጣቸው ነበር፣ ነገ ሽማግሌ ፊት ልጆቻቸው ያንን ሊያነቡላቸው። ወረቀቱን አምፖሉ ሥር ወስጄ አየሁት፣ ፊደሏ ክፍትም ትመስላለች ዝግም ትመስላለች፣ እጥፋቱ መሀል ለመሀል አልፎባታል፣ እርጥበትም ይዟታል። የሰሙት ሚስቲቱ ናቸው አልኩና "ኡ" አድርጌ መታሁት።

ስክሪኑ አልጠፋም። አምስተኛው፣ ስድስተኛው፣ እስከ ምስክሮቹ ስም ድረስ አልጠፋም። አትሜ፣ ዳር እስከ ዳር ጮክ ብዬ አንብቤላቸው፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ሰጠኋቸው፣ ጋሼ ከማል ጃንጥላቸውን ይዘው መናኸሪያ ድረስ ሸኟቸው። ከመውጣታቸው በፊት አብሯቸው የተቀመጠ ሰው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው፣ ማንም አልነበረም አሉኝ። ግን አግዳሚዬ ለሦስት ሰው ይበቃል፣ እሳቸው ከገቡ ጀምሮ ጫፉ ላይ ተጠግተው ነበር የተቀመጡት።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ፣ ፀሐይ ወጥታ ነበር፣ አንድ ኬሻ ጎደሬ በሰው አሸክመው። ሽማግሌዎቹ እኔ የጻፍኩትን አነበቡ፣ ዋናው ስለማይነበብ ገልበጥ አድርገው ፊርማውን አይተው መለሱላቸው፣ ትልቁ ልጅ ጉልበታቸውን ሳመ፣ መሬቱ እንዳለ ቆየ። "ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ፣ እግዜር ይባርክሽ፣ ቤቴን ያቆምሽልኝ አንቺ ነሽ" ብለው ጉንጬን ሲስሙኝ እንባዬ መጣ፣ ሰው እንዲህ አመስግኖኝ አያውቅም። እኔም አመሰግናለሁ፣ በጣም፣ ያ ስክሪን ባይጠፋ ኖሮ አንዲት እናት በእኔ ግድየለሽነት ቤት አልባ ትሆን ነበር፣ ሞኒተሩን ጋሼ ከማል በሌላ ልለውጥልሽ ቢሉኝ እንቢ አልኩ፣ ከዚያን ቀን ወዲህም ጠፍቶ አያውቅም።

አዴ ብቂልቱ ዋናው ወረቀት ከዚህ በላይ እንዳይቀደድ በላሚኔት አሽጊልኝ አሉኝ። ቤታቸው ደርቆ፣ ተዘርግቶ፣ ከባድ ነገር ተጭኖበት ከርሟል መሰለኝ እጥፋቱ ለቋል። በሩ ጋ ወስጄ በፀሐይ ብርሃን አቀናሁት። አራተኛው መስመር፣ የመጨረሻው ቃል፣ የመጨረሻው ፊደል፣ ላይዋ ዝግ ናት። ሦስት ጊዜ አየሁት። ድፍን፣ ክብ፣ "አ" ናት። አስተማሪው ሲጽፍ ተሳስቶ ይሆናል፣ ማንም ይሳሳታል፣ እኔስ ልሳሳት አልነበረም እንዴ፣ እሳቸውም በጆሮዬ ሰማሁ ብለዋል። ግን ያ ከኋላዬ የቆመው ሰው "ተሳስተሻል" ነበር የሚለኝ ወይስ "አርሚልኝ" ነበር የሚለኝ፣ ወይስ ሰውየው በሕይወት እያለ ያለውን ነገር ሞቶ ነው የተጸጸተበት፣ ይሄን ማንን ልጠይቅ።

"ምነው ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ተበላሸ እንዴ?" አሉኝ ከአግዳሚው ላይ።

"አይ፣ ደህና ነው" አልኳቸው፣ ወረቀቱንም ፕላስቲኩ ውስጥ አስገብቼ፣ ማሽኑ ላይ አድርጌ ዳር እስከ ዳር አሸግሁት።