እንግዳ ሲገባ

«የቀበሌ ሰዎቹ ምንም አይጠይቁም እኮ» አለች ሙሉነሽ፣ የሸንኮራ አገዳዋን ልጣጭ በጥርሷ እየገፈፈች። «እግር አያጥፉ፣ ጉልበት አይነኩ። ዝም ብለው ይገቡና ያያሉ። ሽማግሌው ከተነሣ በቃ፣ ተሰረዘ።»

ዘሙሩድ ዳገቱ መሐል ላይ ቆመች። ከትምህርት ቤት እየተመለሱ ነበር። «ከምኑ ነው የሚነሣው?»

«ከተቀመጠበት ነዋ፣ ለእንግዳ። ሼባዎች እንግዳ ቆሞ እያዩ ቁጭ ማለት መቼ ይችላሉ? ዘዴውን ያመጣው አባዬ ነው። ትናንት እራት ላይ ሲያወራልን በሳቅ ትን አለው።»

የሙሉነሽ አባት ጓድ ተክለጻድቅ በቀበሌው የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊ ነበር። ነገሩ ሰፈሩን ሲያነጋግር ሰንብቷል። እስካሁን ደም ብዛት ጥሏቸው ወይም አደጋ ደርሶባቸው አካላቸው የሰነፈ አረጋውያንን የምታሠራ ሲስተር በለጡ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በመንግሥት ወጪ ቤት ለቤት ትዞር ነበር። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ግን ባለሙያዎቹ ከጦር ግንባር ለሚመጡት ቁስለኞች እንዲደርሱ ታዘዋል። ከእንግዲህ ቤቱ ድረስ የሚኬድለት ከአልጋ መነሣት የማይችል ብቻ ነው፤ የሚችለው ጉርድ ሾላ ወርዶ ጤና ጣቢያው ውስጥ ይታከም ተብሏል። ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ቅዳሜ ቤት ለቤት ይጣራል።

የዘሙሩድ አያት አቶ ይማም መነሣት ይችላሉ። የአልጋውን ጠርዝ በቀኝ እጃቸው ጨብጠው፣ ግራ እግራቸውን እንደ ሰው ዕቃ እየጎተቱ፣ ላብ በላብ ሆነው ይነሣሉ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ይተኛሉ። እንኳን ጉርድ ሾላ ሊወርዱ፣ ከቤት እስከ መጸዳጃው የሚደርሱትም ተደግፈው ነው። ከደጃቸው እስከ አስፋልቱ ያለውን ድንጋያማ ቁልቁለት ደግሞ ከእንጦጦ እንጨት ጭኖ የሚመጣ አህያ እንኳ እያሰበ ነው የሚወርደው።

«የእናንተዋስ አያት?» ብላ ጠየቀች።

«እሷማ ተነግሯታል። ቅዳሜ ከአልጋ አትወርድም። አንቺም ለሼባሽ ንገሪው፤ ፋራ አትሁኚ።»

ዘሙሩድ የሙሉነሽን አያት ባለፈው እሑድ አይታቸዋለች። ነጠላቸውን አጣፍተው ከኪዳነ ምሕረት ሲመለሱ፣ ክንዳቸውን የያዘቻቸውን ሴት «ልቀቂኝ፣ እግር አለኝ» ይሏት ነበር። ሙሉነሽ የታኘከውን አገዳ እንትፍ አለችው። ምራቅ የጠጣው ገለባ ዘሙሩድ ጫማ አጠገብ ወደቀ። ዘሙሩድ እግሯን ወደ ኋላ ሳበች፤ የቀፈፋት አገዳው ይሁን የሰማችው ግን አልለየችም።

እናቷ ሳፊያ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከመናደድ ይልቅ፣ የፈተናው ጥያቄ ቀድሞ እጁ እንደገባ ተማሪ ቀለል አላት። ባሏ ከማለዲን ከባድ መኪናውን ይዞ ወደ አሰብ ከወረደ ሰንብቷል፤ የሚያማክራት ሰው አልነበረም። አማቿ አልጋ አጠገብ ተንበርክካ ቅዳሜ ሰዎች እንደሚመጡ፣ ሲገቡም እንዳይነሡ ለመነቻቸው።

አቶ ይማም ከትራሱ ቀና አሉ። «እንግዳ ቆሞ እኔ ልቀመጥ? ያመመኝ እግሬን ነው እንጂ አስተዳደጌን ነው እንዴ?»

ሳፊያ ደግማ አልነገረቻቸውም። ማታ ዘሙሩድን ወደ ጓዳ ጠርታ ሥራውን ለእሷ ሰጠቻት። ቅዳሜ አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ ሰዎቹ ሲገቡ ትከሻቸውን ትይዛለች። «ቀኙን ነው የምትይዢው። ጉልበታቸው ያለው በቀኛቸው ነው። ሲስተር በለጡ ከቀረችባቸው አንድ ክረምት አይቆዩም፣ እንዲሁ ደርቀው ነው የሚቀሩት። ትሰሚኛለሽ?»

ዘሙሩድ ሰምታለች። የከበዳት ማጭበርበሩ ብቻ አልነበረም። አያቷን መንካት ትጸየፍ ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ከአፋቸው ግራ ጥግ የሚወርደውን ለሃጭ፣ አንገታቸው ሥር የምትደረገውን ፎጣ ሽታ፣ እንደ ቀንድ የጠነከረውን የእግራቸውን ጥፍር አትችለውም። ሲስተር በለጡ ስትመጣ እግራቸውን ጭኗ ላይ አሳርፋ ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች። እሳቸው «ወጌሻዬ» ይሏታል፤ ማረም ከተወች ቆይታለች። ያኔ ዘሙሩድ የቤት ሥራ አለብኝ ብላ ትወጣለች። ከእሳቸው ጋር ከአንድ ሰሐን መብላትም ትታለች፤ ጨጓራዬን አሞኛል አለች፣ አመኗት። ሥጋ በተሠራ ቀን ከድርሻቸው ለይተው ያስቀምጡላታል። እሷ ደግሞ ከደጅ አውጥታ ለድመቷ ትሰጠዋለች።

ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ሳፊያ ምርኩዛቸውን ከአልጋው ሥር ከተተችውና ለልጇ በዓይኗ ምልክት ሰጠቻት። ዘሙሩድ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ከተቀመጡት አያቷ በስተቀኝ ተቀመጠችና እጇን ትከሻቸው ላይ አደረገች።

«ዛሬ ምን ተገኘ?» አሉ አቶ ይማም፣ ፊታቸው በርቶ። «ዘሙዬ አጠገቤ ተቀመጠች።»

ተክለጻድቅ ቀድሞ ገባ። ከኋላው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የተላከ ካኪ የለበሰ ወጣት ነበር። ሲስተር በለጡ ደፉ ላይ ቀረች፤ የጫማዋን አፍንጫ ታያለች።

በዚያ ሰፈር ሰው ቤት ሲገባ ገና ከደጃፉ «በአላህ፣ አይነሡ» ወይም «በእግዜር» ይላል። እስላሙም ክርስቲያኑም ይለዋል፤ ተጣልቶ የመጣም ቢሆን ይለዋል። ዘሙሩድ ያንን ቃል ሳይል የገባ ሰው አይታ አታውቅም። ተክለጻድቅ አላለም። ዝም ብሎ ቆመ። በጥርሱ መሐል የተሰነቀረ ነገር በምላሱ እየፈለገ የአያቷን ጉልበት ያያል። ወጣቱም የሚያየው ጉልበታቸውን ነው።

«ኖር» አሉ አቶ ይማም። ትከሻቸው ከመዳፏ ሥር ወደ ላይ መጣ።

ዘሙሩድ ተጫነችው። ትከሻው አጥንት ብቻ ነበር። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ተጫነች። አቶ ይማም ልብሳቸው የሆነ ነገር ላይ የተያዘ መስሏቸው ዞር አሉ፤ የያዛቸው እጇ ነበር።

«ልጄ፣ እንግዳ እኮ ነው» አሏት ቀስ ብለው፣ ያላየች መስሏቸው።

ቀና ስትል ተክለጻድቅ እጇን እያየ ነበር። ደንግጣ ይቆጣል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ፈገግ አለ።

«የሙሉነሽ ጓደኛ አይደለሽም?» አለ። «ጎበዝ።» ከዚያም ወጣቱ እንዳያይ አድርጎ ጠቀሳት።

አለቀ ማለት ነው። እጇን ትንሽ ብታቆይ ይበቃል፤ ሲስተር በለጡ ትቀጥላለች፣ እናቷም ዛሬ ትተኛለች። ዘሙሩድ ይህን ሁሉ ታውቀዋለች። ግን ያ ጥቅሻ እላይዋ ላይ የተተፋ ያህል ቀፈፋት። ከሰውየው ጋር አንድ ላይ ሆና አያቷን ቁልቁል እየያዘች እንደሆነ ገባት። ከአያቷ ለሃጭ ይልቅ ያ ፈገግታ አስጠላት።

እጇን ከትከሻቸው አነሣችና በብብታቸው ሥር አስገባች። ብብታቸው በላብ ረጥቧል። «በሉ አባባ» አለች።

ለመነሣት ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ፤ ትንፋሻቸው ተቆራረጠ፤ ከአፋቸው የወረደው እጅጌዋ ላይ አረፈ። ማንም «ይቀመጡ» አላለም። በመጨረሻ ቆሙ።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ» አሉ። «ግቡ እንጂ።»

የተክለጻድቅ ፈገግታ ጠፋ። ለወጣቱ «ይነሣሉ» አለው።

«ብቻቸውን አይደለም» አለች ዘሙሩድ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጥኖ ወጣ። «እኔ ነኝ ያነሣኋቸው።»

«ተነሥተዋል ወይስ አልተነሡም?» አላት ተክለጻድቅ፤ መልሷን ሳይጠብቅም ወጣ።

አቶ ይማም ወንበሮቹን ባዶ እንደሆኑ አዩዋቸው። ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ መሄዳቸው ከነከናቸው። ሥራ ቢበዛባቸው ነው፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው አሉ። ከዚያም ወደ ሳፊያ ዞረው፣ «ቆምኩላቸው አይደል?» ብለው ጠየቁ። ሳፊያ ቆመዋል አለቻቸውና ወደ ጓዳ ገባች። ዘሙሩድ ስትከተላት ፊቷን አላዞረችላትም።

«አንድ ነገር ነበር የጠየቅኩሽ» አለች ሳፊያ። «አንድ።»

ዘሙሩድ ትክክል ሠራሁ የሚል ስሜት ይመጣልኛል ብላ ጠብቃ ነበር። አልመጣም። ደጅ ወጥታ እጅጌዋን በሳሙና አጠበች፤ አሸተተችውና እንደገና አጠበችው።

ሰኞ ዕረፍት ሰዓት ላይ ሙሉነሽ በጣም ተናዳ መጣች። አባቷ ሊያሳልፍላት እንደነበረ፣ በገዛ እጇ እንዳበላሸችው ነገረቻት። የራሷ አያት ማጣሪያውን አልፈዋል። ዘሙሩድ አውቃለሁ አለቻት። ሙሉነሽ ሁልጊዜ እንደምታደርገው አገዳዋን ለሁለት ሰብራ ግማሹን ዘረጋችላት። ዘሙሩድ አልተቀበለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳገቱን ለየብቻ ይወጡት ጀመር።

ሲስተር በለጡ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣችው በሐሙስ ቀን ነበር። ለአቶ ይማም ለቁስለኞቹ ተፈልጋ እንደምትሄድ ብቻ ነገረቻቸው። እሳቸውም ለቆሰሉት ልጆች ዱዓ አደረጉ፤ እሷን የመሰለች ወጌሻ ለወታደር ይገባል አሉ። ስለ ቅዳሜው ማንም አላነሣም። ሲስተር በለጡ እጅጌዋን ሰብስባ አንድ የቤት ሰው ዛሬ መማር እንዳለበት፣ ካልሆነ ግን መገጣጠሚያው እንደሚደርቅ አስረዳች። ሳፊያ ገበያ ወጥታለች።

ዘሙሩድ የደብተር ቦርሳዋን ይዛ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ትንሽ ቆመችና ቦርሳውን ግድግዳው ሥር አስቀመጠች።

«እኔን አሳይኝ» አለች።

ሲስተር በለጡ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ቦታዋን ለቀቀችላትና እግሩን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችላት። ከገመተችው በላይ ይከብዳል፤ ቀዝቃዛም ነው። ጥፍሩ የቀሚሷን ክር ያዘው። ተረከዙን በሙሉ መዳፏ እንድትይዝ፣ ጉልበቱን በሌላው እጇ እንድትደግፍ ነገረቻት፤ አትፍሪ፣ አይሰበርም አለቻት። ዘሙሩድ አጠፈችው። ዘረጋችው። ሽታው ወደ ላይ መጣ።

አቶ ይማም ፊቷን ሲያዩ ቆዩ።

«ሸተተሽ እንዴ?»

ጨጓራዬን አሞኛል ልትል ነበር። «አዎ» አለች።

«እኔንም ይሸተኛል» አሉ አያቷ።

ዘሙሩድ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። እጇን ግን አላነሣችም።