እስከ አያት

«የልጅሽ ሙሉ ስም፣ እስከ አያት?» አለች ጵርስቅላ፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ታብሌቱን ጭኗ ላይ እያስተካከለች።

«ሶፎንያስ» አለች ብርነሽ። ጀርባዋ ላይ ያዘለችውን ልጅ ከፍ አድርጋ ጨመረች። «ሶፎንያስ አሳምነው።»

ከዚያ ዝም አለች። ጵርስቅላም ዝም ብላ ጠበቀች። ብርነሽ መሬት መሬት እያየች የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ መጠምጠም ጀመረች። የሕፃኑ አያት ማን እንደሆነ ጠፍቷት አይደለም። ከአማቷ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ጠዋት ቁርሱን ሰጥታው ነው የመጣችው። ግን በሺንሺቾና በአካባቢዋ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም በአፏ አትጠራም። ነውር ነው።

«አንቺ ታውቂው የለ እንዴ» አለች በመጨረሻ ቀና ብላ እያየቻት፣ በከምባትኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጵርስቅላ ታውቀዋለች። ጎረቤት አይደሉ እንዴ? አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ አላገባችም፣ ስሙን ብትጠራው ማንም አይቆጣትም። ወንድሟ «አትርጂያቸው፤ ቢቸገሩም ዝም በይና የተቸገሩበትን ብቻ ጻፊ» ብሎ አስጠንቅቋታል። ግን ሰው ዓይኗ ሥር እያፈረ ዝም ብሎ ማየት የት አገር ያለ ሥራ ነው? «ጠና» ብላ ሞላችው። ሦስቱ ስም ካልሞላ የማይበራው «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ በራ። ደብተሯ ላይ «ብርነሽ፦ ተሳካ» ብላ ጻፈች።

በዚያን ቀን አምስት እናቶችን ጠየቀች። አንዷ አስተማሪ ነበረች፣ አንዷ ደግሞ ከአዲስ አበባ አግብታ የመጣች፤ ሁለቱ የአማታቸውን ስም ያለ ምንም ሐሳብ ጠሩት። ለሦስቱ የሰፈሯ ሴቶች የሞላችው እሷ ናት። ሰው የረዳች እንጂ ያጠፋች አልመሰላትም።

ወንድሟ ኃይለመለኮት አዲስ አበባ ዩኤክስ ዲዛይነር ነው። ይህ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ለእናታቸው ሦስት ጊዜ አስረድቷታል፤ እሷ ግን እስካሁን ለጎረቤት የምትናገረው «ስልክ ይጠግናል» ብላ ነው። ኮዱን የሚጽፉት ሌሎች ናቸው። የእሱ ሥራ ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚጠየቅ፣ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም፣ ሰው የት ላይ ግራ እንደሚጋባ ማጥናት ነው። አሁን የያዘው ጤና ጣቢያዎች የሕፃናትን ክትባት የሚመዘግቡበት አፕ ነው። ወንድ ባለበት እናቶቹ ይሽኮረመማሉ ብሎ ሙከራውን ለእህቱ ሰጣት። እሷም ደስ ብሏት ተቀበለች።

ዓርብ ጠዋት ወንድሟ ከትምህርት ቤት አስፈቅዶላት አፑ ወደሚጸድቅበት ስብሰባ በሚኒባስ ወደ ሆሳዕና ሄዱ። ደብተሯን መንገዱን ሙሉ ከእጁ አላወረደውም።

«አምስት ከአምስት። ሚጢ፣ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶሻል? ያለ ማንም እርዳታ አምስቱም ጨርሰዋል።»

«ባይሆንስ ኖሮ?»

ፈገግታው ቀነሰ። «ያለፈው ሥራዬ ከሽፏል። አለቃዬ ‹ይሄን ካላሳለፍክ የሙከራ ጊዜህ እዚህ ላይ ያበቃል› ብሎኛል። ዛሬ ከጸደቀ ግን ሰኞ ለሠላሳ ጤና ጣቢያ ይታደላል፤ ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ማንም አይነካውም።»

«ያለ ማንም እርዳታ» የሚለው ነገር ጵርስቅላ ጆሮ ውስጥ ቀረ። ልንገረው ወይስ ልተወው እያለች አንጋጫ ከተማን አለፉ። አንድ ስም መሙላት ምን አለው ብላ ራሷን አጽናናች።

ሆሳዕና ሲደርሱ ስብሰባው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቶት ነበር። ኃይለመለኮት ፕሮጀክተሩን ሲያያይዝ አዳራሹን የምትወለውለውን ሴት አየና «እትዬ፣ አንድ ጊዜ ይሞክሩልን» አላት። ከበቡሽ ትባላለች። መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ጵርስቅላ ጥያቄዎቹን አነበበችላት። አራተኛው፣ የልጅ ሙሉ ስም የሚለው ላይ ሲደርሱ ከበቡሽ ጥቂት አሰበችና «ራሄል ፍሬው ገብርኤል» አለች። ቁልፉ በራ።

«አየሽ?» አለ ኃይለመለኮት ከወዲያ። «ስድስት ከስድስት።» ገመድ ሊያመጣ ወጣ።

ከበቡሽ ወደ ጵርስቅላ ጠጋ አለች። «ገብርኤል የሚባል ሰው ቤታችን ውስጥ የለም» አለች። «የአማቴን ስም እንዴት ልጥራ? እንዲያው አፌ ላይ የመጣውን ነው የሰጠሁሽ።»

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚያደርጉት?»

«ካርድ ክፍል ያለችው የሰፈር ልጅ ከሆነች ራሷ ትሞላዋለች። የማታውቀኝ ከሆነች ግን ምን አደርጋለሁ? ራሄልን በሆነ የአያት ስም አስመዝግቤያት ሁለተኛውን ክትባት ላስከትብ ስሄድ ስሙ ጠፋብኝ። እነሱም ፈልገው አጡት። በኋላ እመጣለሁ እያልኩ ከረምኩ፤ ኩፍኝ ያዛት።» መወልወያዋን አነሳች። «ተርፋለች፣ ተመስገን። አንድ ዓይኗ ነው የማያይላት።»

ይህን ያለችው ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነበር። ለጵርስቅላ ግን ሶፎንያስ ብርነሽ ጀርባ ላይ ሆኖ አፉን ከፍቶ ሲስቅ ታያት። ሰኞ ታብሌቱ ሲመጣ ብርነሽን የምትጠይቃት ጎረቤቷ አትሆንም።

ኃይለመለኮት ገመዱን ይዞ ሲመለስ በር ላይ ያዘችው። ሁሉንም ነገረችው። ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አሁን ነው የምትነግሪኝ?»

«ጥፋት አልመሰለኝም ነበር።»

«አትርጂ አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል።»

ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። ሰዎች እየገቡ ነበር። «በቃ፣ ስሚኝ። ዛሬ ይለፍ። ከጸደቀ በኋላ አስተካክለዋለሁ፣ ቃሌ ነው።»

«ስድስት ወር አይነካም ብለኸኝ የለ እንዴ?»

«እባክሽ» ብቻ አለና ወደ ፊት ሄደ። ጵርስቅላ ወንድሟ ሲለምናት ሰምታ አታውቅም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ስብሰባው ተጀመረ። ጠረጴዛው ራስ ላይ የተቀመጡት አፑን የሚያጸድቀው የጤና ቢሮ ክፍል ኃላፊ ወይዘሮ አበበች ነበሩ፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው የሚያዩ፣ ሲናገሩ ሌላው ሁሉ ዝም የሚልላቸው ሴት። ኃይለመለኮት ስለ አፑ በደንብ ተናገረ። ትልቁ «5 ከ 5» ግድግዳው ላይ ሲወጣ ግን ድምፁ እህቱ ብቻ የምትሰማው ዓይነት መንቀጥቀጥ ነበረው።

«ሙከራውን የሠራችው ማን ናት?» አሉ ወይዘሮ አበበች።

«እህቴ ናት።»

«እስቲ አንቺው ንገሪን፣ ልጄ። እናቶቹ ምንም አልተቸገሩም?»

ጵርስቅላ ተነሳች። ወንድሟ ዓይን ዓይኗን ያያል። አንድ «አልተቸገሩም» ብትል ምሳ ይበላሉ፣ ለእናታቸው ይደውላሉ፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ወለሉ ከበቡሽ ከወለወለችው ገና አልደረቀም።

«አምስት አይደሉም» አለች። «ሁለት ናቸው።»

አንድ ሰው ወንበሩን አንቋቋ።

«ለሦስቱ የሞላሁላቸው እኔ ነኝ። እሱ አትርጂ ብሎኝ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን ሞላሽላቸው?»

ማስረዳት አስባ ነበር። ግን ጠረጴዛው ዙሪያ የሚበዙት ወንዶች ናቸው፤ «ይሄ የድሮ ነገር ነው» ሊሏት እንደሚችሉ ታወቃት። ስለዚህ ታብሌቱን አነሳችና በጠረጴዛው ጎን ዞራ ወይዘሮ አበበች ፊት አስቀመጠችው።

«ወይዘሮ አበበች» አለች፤ ልክ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ እንዳነበበችው አነበበች። «የመጀመሪያ ልጅዎ ሙሉ ስም፣ እስከ አያት?»

«ሩት» አሉ ወይዘሮ አበበች ቶሎ ብለው። «ሩት ፋንታሁን…»

እዚህ ላይ ቆሙ። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉት። ከጎናቸው ያለው ሰውዬ ወደ መስኮቱ ዞረ። ወይዘሮ አበበች ከንፈራቸውን ከፈት አደረጉና መልሰው ገጠሙት፤ አንገታቸው ሥር ቅላት ወጣ። ሦስተኛው ሣጥን ባዶ ነው። «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ አልበራም።

ኃይለመለኮት ከግድግዳው አጠገብ ተነስቶ መጣ። ጵርስቅላ የሚቆጣት መስሏት ትከሻዋን ሰበሰበች። እሱ ግን የእሷን ደብተር ስቦ አዲስ ገጽ ገለጠ፤ አናቱ ላይ «ጥያቄ አራት» ብሎ ጻፈና ብዕሩን ይዞ ወደ ወይዘሮ አበበች ፊት ማየት ጀመረ።

ሴትዮዋ ቀና ብለው ጵርስቅላን አዩአት። ብርነሽ ያየቻት ዓይነት አስተያየት ነበር። ጵርስቅላ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ አንዱን በሌላው ያዘችና ዝም ብላ ጠበቀች።