በየክፍሉ አንድ ድምፅ

በዶኛ ሴኔይዳ ቤት ዘፈን ሲከፈት ሳሎኑ ቀድሞ ይጀምራል፤ ማድ ቤቱ ይከተላል፤ የጓሮው ድምፅ ማጉያ ደግሞ እንደ ሰነፍ ተማሪ ከሁሉም ኋላ እየተጎተተ ይደርሳል። ከሳሎን ወደ ማድ ቤት የሚሻገር ሰው አንዱን ስንኝ ሁለቴ ይሰማል። ገመድ አልባዎቹን ድምፅ ማጉያዎች ለእናቱ የገዛው አልሲዴስ ነበር። ሰው በአክብሮት ዶኛ፣ እመቤት፣ የሚላቸው እኚህ ሴት በወጣትነታቸው በከተማቸው በባራንኪያ ሬዲዮ ዘፍነዋል፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የድሮ ዘፈኖቻቸውን ከክፍል ክፍል እየተንጎራደዱ መስማት ነው ሥራቸው።

«የገዛ ድምፄ በገዛ ቤቴ ያሾፍብኛል» አሉት ልጃቸውን። «ወይ አስተካክልልኝ፣ ወይ ጥለኸኝ ሂድና ልሙት።»

ዶኛ ሴኔይዳ ሞትን በየምሳው ይጠሩታል። አልሲዴስ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የሕንፃ ንድፍ ተምሮ በዋና ከተማው በቦጎታ ሥራ አግኝቶ ነበር፤ ሻንጣውን በዘጋ ዕለት እናቱ በር ላይ ወደቁ። ሐኪሙ ምንም አላገኘባቸውም። እሱ ግን ሻንጣውን ፈታ፤ ከዚያ ወዲህ የሰው ቤት ንድፍ እየሠራ ከእናቱ ቤት ሳይወጣ ይኖራል።

ለጥገናው የመጣችው ናዪቤ ነበረች። ባሪዮ አባሆ ሰፈር፣ ከአንድ ቋሊማ ሻጭ በላይ ያለች ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ በየሰው ቤት የድምፅና የኢንተርኔት ዕቃ የምትተክል ልጅ ናት። አጭር ናት፣ ፈጣን ናት፣ ምላሷ አያርፍም። አልሲዴስ በሩን ከፍቶ ቦርሳዋን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አለችው። «አንተ ከተሸከምከው እኔ ምን ልሠራ መጣሁ?»

እጁን መልሶ ከኋላዋ ተከተላት።

የኢንተርኔቱን ገመድ ፍለጋ መኝታ ቤት አልጋ ሥር ገባች። እሱ የእጅ ባትሪ ይዞ ተንበረከከ።

«ችግሩ ምንድን ነው?»

«እያንዳንዱ የየራሱ ሰዓት አለው» አለች ከአልጋው ሥር። «ዘፈኑ በአየር ነው የሚመጣላቸው፤ ለቅርቡ ቶሎ፣ ግድግዳ ለሚጋርደው ዘግይቶ። የደረሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይዘፍናል። እኔ አንዱን አለቃ አደርገዋለሁ። ሌሎቹ ሰዓታቸውን በሱ ይሞላሉ፤ ዘፈኑን ተቀብለው ትንሽ ይይዙታል፤ አለቃው ‹አሁን› ሲላቸው አንድ ላይ ይለቁታል።»

«ቀድሞ የደረሰውም ይጠብቃል ማለት ነው?»

«የቀረውን ሳይጠብቁ አንድ ላይ መሆን አለ እንዴ?»

ጭንቅላቷን አወጣች። ጉንጯ ላይ አቧራ ነበር። አልሲዴስ ባትሪውን ማጥፋት ረስቶ ፊቷ ላይ ያበራ ነበር።

«ዓይኔን አጠፋኸው እኮ፣ ሰውዬ!»

ሁለቱም ሳቁ።

ሥራው ገና ሳያልቅ ዝናቡ መጣ። በባራንኪያ ዝናብ ሲጥል መንገዱ ወንዝ ይሆናል፤ መኪና ሳይቀር ጠርጎ ይወስዳል። ሰው ባለበት ይቀራል። ናዪቤና አልሲዴስ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የሰው ወንበር፣ የሰው ጎማ፣ አንድ ሙሉ የፍራፍሬ ጋሪ በበሩ ፊት ሲያልፍ አዩ። ስለ ቦጎታ ጠየቀችው፤ ነገራት። ለማንም ያልነገረውን ጭምር ነገራት። ወሬያቸውን ያቋረጠችው ጭማቂ አምጥታ የነበረችው ወጥ ቤቷ ኤኔልዳ ናት።

«ልጄ አልሲዴስ፣ ለእንግዳዋ ብዬ ያመጣሁትን አንተው ጠጥተህ ጨረስከው?»

ብርጭቆውን አየው። ባዶ ነበር።

ናዪቤ በማግስቱ መጥታ ሥራውን ጨረሰች። ዘፈኑ ከሳሎን እስከ ጓሮ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ዶኛ ሴኔይዳ ዓይናቸውን ጨፍነው ቤቱን ዞሩት፤ የትም አልተደናቀፈባቸውም። ብዙም ሳይቆይ ግን አልሲዴስ ደወለ፤ የጓሮው ተበላሽቷል አለ። ናዪቤ መጣች፤ ጎንበስ ብላ አየች።

«ሶኬቱ ተነቅሏል።»

«እሱንማ እኔም አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትሰካውም?»

«ከሰካሁት አትመጪማ።»

ናዪቤ ሶኬቱን እሷው ሰካችው።

ከዚያ በኋላ ሰበብ አላስፈለጋቸውም። አመሻሽ ላይ ወንዙ ዳር ይገናኛሉ፤ የተጠበሰ ዓሣ በኮኮናት ሩዝ ይበላሉ፤ እሱ እሾኩን ይለቅምላታል፣ እሷ ትስቅበታለች። አንድ ቀን በሳቋ መሀል ሳማት። ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች።

«ምነው? አጠፋሁ?»

«አይ» አለች። «ምን እንደምል እያሰብኩ ነው። እንዲህ ሆኜ አላውቅም።»

«ለእማዬ እነግራታለሁ።»

«መቼ?»

«ትንሽ ሲሻላት።»

«ታማ ታውቃለች እንዴ የሚሻላት?»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን አጭር ነበር።

ዶኛ ሴኔይዳ ከጅምሩ ያውቁ ነበር። ልጃቸው ሲያፏጭ ሰምተዋል፤ ይህም በቂያቸው ነው። ምንም አላሉም። አንድ ቀን ናዪቤን ራሳቸው ደውለው አስጠሯት፤ አጠገባቸው አስቀመጧት፤ እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ ኤኔልዳን እየጮሁ መጥራት ደከመኝ። ከዚህ ስልክ ተናግሬ ድምፄ በየክፍሉ የሚሰማበት መንገድ የለም?»

«አለ እንጂ፣ ዶኛ ሴኔይዳ። ይቺን ሲነኩ ዘፈኑ ይቆምና የእርስዎ ድምፅ በሁሉም ይወጣል። ደግመው ሲነኩ ይዘጋል።»

አሮጊቷ ነኩት። «ኤኔልዳ፣ ሎሚ!» አሉ፤ ቤቱ ሁሉ «ኤኔልዳ፣ ሎሚ!» አለ።

«ሩቅ አስቀምጬው ባወራስ ይሰማል?»

«መርፌ ቢወድቅ እንኳ ይሰማል።»

«እጅሽ ይባረክ። ልደቴ ላይ እንድትመጪ እፈልጋለሁ። እንደ ሠራተኛ አይደለም፣ እንደ እንግዳ።»

ናዪቤ ያን ቀን አውቶቡስ ሳትጠብቅ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። ደስታዋ አላስቀምጥ ብሏት ነበር።

ልደቱ እሑድ ዋለ። ናዪቤ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ መጣች። ሳሎኑ በአክስቶችና በአጎት ልጆች ሞልቷል፤ የዶኛ ሴኔይዳ የወጣትነት ድምፅ በየክፍሉ ይንቆረቆራል። አልሲዴስ አጠገቧ ቆሞ፣ ሰው ሳያይ ትንሿን ጣቷን በጣቱ ያዝ አደረጋት።

«ዛሬ እነግራታለሁ» አላት በሹክሹክታ። «ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ። በሰው ፊት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እዪኝ እስቲ። የፈራ ሰው እመስላለሁ?»

አየችው። ይመስል ነበር። ግን አልነገረችውም።

ያኔ እናቱ ድምፅ ማጉያ ከሌለበት ከመኝታ ቤታቸው ተጣሩ፤ ሐብላቸውን የሚያስርላቸው ፈለጉ። አልሲዴስ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ዘፈኑ ቀጥ አለ።

«በሩን ዝጋው» አለ የዶኛ ሴኔይዳ ድምፅ ከየክፍሉ። እንግዶቹ ቀና አሉ፤ ለኬኩ ሊጠሯቸው መሰላቸው። «አልሲዴስ፣ ዛሬ ልደቴ ነው። አንድ ስጦታ ብቻ ስጠኝ። እቺን ገመድ ጎታች ልታገባት ነው?»

«እማዬ፣ ሰው እየጠበቀን...»

«እኔና አንተ ብቻ ነን። ደረቴን እየወጋኝ ነው። እውነቱን ንገረኝና ልረፍ።»

ሳሎኑ ውስጥ ሹካ የሚያነሳ ጠፋ። ናዪቤ ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆማለች። ንገራት፣ አለች በልቧ። ንገራት፣ የኔ ፍቅር።

«ምን ነካሽ፣ እማዬ?» አለ አልሲዴስ፤ ቀለል ባለ ድምፅ። «ማን ያገባታል? ሰው ይሰለቸዋል፤ እሷ ደግሞ ታስቃለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ዝናቡ ሲያባራ የሚያልቅ ነገር።»

«ቀሚሷን አየኸው? ማንጎ አልመሰለችም?»

ሳቀ። «የበሰለ ማንጎ» አለ።

ናዪቤ ከሳሎን ወጣች። ሳቁ ኮሪደሩ ውስጥም ነበር። ማድ ቤት ገባች፤ ኤኔልዳ ቢላዋ ይዛ ደርቃ ቆማለች፤ እዚያም ያው የአልሲዴስ ድምፅ «በየሰው አልጋ ሥር ስትድህ የምትውል ልጅ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ልገባ?» ይላል። ጓሮ ወጣች። ጓሮውም አልዘገየም። የትም ብትገባ ቃሉ እኩል ይደርሳታል፤ ሮጣ የምትቀድምበት አንድ ክፍል እንኳ አላስቀረችም። ሁሉንም ያስተካከለችው እሷው ናት።

ስትመለስ ዶኛ ሴኔይዳ ሐብላቸውን አስረው ወጥተዋል። ስልኩ በእጃቸው ነው።

«ውይ ልጄ! ምኑን እንደነካሁት እንጃ» አሉ። «እኔ ይሄን ነገር መቼ አወቅሁበት። ግን ሥራሽ እንዴት ያምራል! አንድ ቃል እንኳ አልተቆራረጠም።»

አንዷ አክስት አፏን በናፕኪን ሸፈነች። አልሲዴስ ከኋላ መጣ፤ ምንም ስላልገባው ገና ፈገግ እንዳለ ነው። ከዚያ የሰዉን ፊት አየ። የናዪቤን መጨረሻ ላይ አየ።

«ሰምተንሃል» አለችው አክስቱ። «ሁላችንም።»

ናዪቤ አንድ ቃል ጠበቀች። እዚያው፣ ሰው ፊት፣ አንድ ቃል ብቻ። አልሲዴስ አፉን ከፈተ። ዶኛ ሴኔይዳ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። አፉን ዘጋ።

«መልካም ልደት፣ ዶኛ ሴኔይዳ» አለች ናዪቤ፤ ቦርሳዋን አነሳች።

«ኬክ ሳትቀምሺ? ኤኔልዳ፣ ጠቅልለሽ ስጫት። ወደ ሰፈሯ ስትሄድ ይርባታል።»

አልሲዴስ ባሪዮ አባሆ፣ ናዪቤ ክፍል የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ከሰዓት ነበር፤ ሙቀቱ ያፍናል። በሩን ከፈተችለት እንጂ ግባ አላለችውም። ራሱ ገባ።

«ስልክሽን አታነሺም።»

«የምትለውን ሰምቻለሁ።»

«ውሸቴን ነው፣ ናዪቤ! ዝም እንድትልልኝ ብዬ ነው። ሕመሟን ታውቂያለሽ።»

«ውሸትህን እንደሆነ አውቃለሁ።»

ፊቱ በራ። «ታምኚኛለሽ?»

«አምንሃለሁ። የባሰውም እሱ ነው። ብትጠላኝ ኖሮ፣ ጠልቶኝ ነው ብዬ እተወው ነበር። አንተ ግን እየወደድከኝ ነው እንደዚያ የሳቅክብኝ።»

አለቀሰ። እንባው የእውነት ነበር። ልትነካው እጇን አንስታ መልሳ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

«ምን ላድርግ?» አላት። «የፈለግሽውን በይኝ፣ አደርገዋለሁ።»

«ደውልላት።»

«አሁን?»

«አሁን። ‹ናዪቤ ቤት ነኝ› በላት። ሌላ ምንም አትበል። አገባታለሁ አትበል፣ እወዳታለሁ አትበል፣ አትጣላት። የት እንዳለህ ብቻ ንገራት።»

ስልኩን አወጣ። ደወለ። ናዪቤ ሳታስበው ፈገግ አለችለት፣ አይዞህ እንደማለት።

«የት ነህ፣ ልጄ?» አሉ ዶኛ ሴኔይዳ።

አልሲዴስ ናዪቤን አያት። ረጅም አያት።

«ፋርማሲ ነኝ፣ እማዬ» አለ። «ኪኒንሽን እየገዛሁ ነው።»

ስልኩን ዘጋ። ከታች ቋሊማ ሻጩ ደንበኛ ይጠራል። ናዪቤ በሩን ይበልጥ ከፈተችው።

«ሂድ እንግዲህ» አለችው። «ፋርማሲው እንዳይዘጋብህ።»

በመስኮት አየችው። መንገዱን ተሻገረ፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆመ፤ ቀና ብሎ ወደ ክፍሏ አየ። ይመለሳል ብላ አሰበች። ይህን ታሪክ ናዪቤ ራሷ ለእኔ ስታወራኝ ብዙ ዘመን አልፎ ነበር፤ ሳንታ ማርታ ከተማ ሌላ ሰው አግብታ፣ ወልዳ ከብዳ። እዚህ ጋ ስትደርስ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። «በሩን አልዘጋሁትም ነበር» አለችኝ።

አልሲዴስ ግን የመንገዱ ጥግ ላይ ወዳለው ፋርማሲ ገባ። ትንሽ ነጭ ከረጢት ይዞ ወጣ፤ ደረሰኙን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና አውቶቡስ ተሳፈረ።