ደረቁ ቱቦ

«የባለቤትዎ ሽንት ጥሩ ነው፣ አይስጉ» አለችኝ ነርሷ።

እኔ ባለቤት የለኝም። የነበረኝም በሰላም ነው የሄደው፣ ያውም ሻንጣውን ራሴ አስሬለት።

«ጎረቤቴ ነው» አልኳት። «ብትይማ ልጅዎ ማለት ነበረብሽ።»

ሳቅ ብላ ወደ ቀጣዩ አልጋ አለፈች።

እንግዲህ ይሄ በእውነት የሆነ ነው። ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ፤ እኔ በዚህ በእጄ የነካሁትን ነው የምጽፈው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ የጥየቃ ሰዓት። በሆስፒታሉ መስኮት የገባው ፀሐይ ዓይን ያጭበረብራል። ክፉ ነገር ጨለማ ይጠብቃል ያላችሁ ማነው?

የተኛው ቀጭኔ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔው ነኝ፤ ሲሄድ አንገቱ የሚቀድመው፣ ለግላጋ ቀለም ቀቢ። ከታላቅ ወንድሙ ጋር ይኖራል፣ ከእኔ የሚለያቸው አጥር ብቻ ነው። ሁለቱም አብረው ይቀባሉ። ሰሞኑን ቀጭኔ ለብቻዬ ልሥራ ማለት ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ከመሰላል ወደቀ ተባለ።

እንዲህ ያለው ታላቁ ነው።

ቀርቤ ሳየው... ቀጭኔ አልነበረም። ፊቱ ኩፍ ብሏል። ዓይኖቹ ክር አክለዋል። አንገት የሚባል ነገር የለውም።

ታላቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የወንድሙን እጅ በፎጣ ይጠርጋል። እንዲህ ያለ አስታማሚ አይተን አናውቅም ይላሉ ነርሶቹ። የሽንት ከረጢቱን እንኳ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም፤ ራሱ ይለካል፣ ራሱ ይደፋል።

ነገሩን ያስረዳኝም እሱ ነው። ጡንቻ ክፉኛ ሲቀጠቀጥ ከውስጡ የሚወጣው ቆሻሻ ኩላሊትን ይዘጋል አሉ። መጀመሪያ ላይ ሽንቱ ጥቁር ሻይ ይመስል ነበር። የደም መመርመሪያው ደግሞ ተበላሽቷል፣ ስለዚህ ሐኪሙ የሚወስነው ከረጢቱን እያየ ነው። ሽንቱ ከቆመ ወዲያው ሪፈር ተጽፎለት ወደ ኩላሊት ሐኪም፣ ወደ እጥበቱ ይሄዳል። ቆሞ ሳይሄድ ከቀረ ግን ይሞታል።

«እግዜር ይመስገን አልቆመም» አለኝ። «አይታይሽም?»

ይታየኛል። ከረጢቱ ሙሉ ነው። ጥርት ያለ ቢጫ።

ታዲያ ልጁ ለምን ያብጣል...

ታላቁ መጸዳጃ ቤት ደርሼ ልምጣ ብሎ ተነሳ። ጃኬቱን ለበሰ። በዚያ ሙቀት... ጃኬት።

ትራሱን ላስተካክልለት ቀጭኔን ቀና አደረግኩት። ሸሚዙ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ጀርባው ላይ የሰንሰለት ቀለበት አንድ በአንድ ታትሟል።

መሰላል ሰንሰለት የለውም።

«ቀጭኔ...» አልኩት በሹክሹክታ።

ከንፈሩ ተላቀቀ። ትንፋሹ ሽንት ሽንት ይላል።

«ቱቦውን እዪው...»

የሽንቱን ቱቦ ከሱ ጀምሬ እስከ ከረጢቱ በጣቴ ተከተልኩት። ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ የለበትም።

ከረጢቱን ነካሁት።

ገና ትኩስ ነው።

«የማነው?»

«የሱ...»

ከኋላዬ መጋረጃው ተሳበ። ታላቁ ቆሟል። ከጃኬቱ ሥር የውኃ ፕላስቲክ ብቅ ብሏል፣ ግማሹ ቢጫ።

«እትዬ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እጅሽን ታጠቢ።»

ልጮህ አፌን ስከፍት ፎጣውን ጎሰጎሰብኝ። ከግድግዳው ጋር አላተመኝ፣ አሁንም ደገመኝ። አናቴ ላይ የሆነ ነገር ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ትኩስ ደም አንገቴ ላይ ወረደ። በሁለት እጁ ጉሮሮዬን ይዞ ጆሮዬ ሥር፦

«አንቺንስ ከምን ወደቀች ልበላቸው?» አለኝ።

ፎጣው ሲሸሽልኝ አውራ ጣቱን አገኘሁት። ነከስኩት። ጥርሴ አጥንት እስኪነካ ነከስኩት። ቁራጭ ሥጋ አፌ ውስጥ ቀረ። እሱ ሲያጓራ የግሉኮሱን ማንጠልጠያ በእግሬ መታሁት፣ ብረቱ ወለሉ ላይ ተንኳኳ፣ ጠያቂው ሁሉ ግር ብሎ መጣ። ታላቁ ሰዉን ገፈታትሮ አመለጠ።

ቀጭኔ በዚያ በክር ዓይኑ ሁሉንም ያይ ነበር።

ዝም ብሎ ያይ ነበር። እንደሚማር ሰው...

በዚያው ቀን ሪፈር ተጻፈለት። የኩላሊት ሐኪሙ፣ ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ እኔም አልጠቅምህም ነበር አለው አሉ። ደሙ ሲታጠብ፣ ሲታጠብ ሰነበተና ሽንቱ በራሱ ጊዜ መጣ። አንገቱ ተመልሶለት ቤቱ ገባ። ብቻ በቀልዴ እንደ ድሮው አይስቅልኝም።

ታላቁን ፖሊስ ይፈልጋል፣ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ ሰማሁ። ብረት ይነሳል፣ ሥጋ ላይ ያርፋል። ይነሳል... ያርፋል። ሰው ሲጮህ ግን አልሰማሁም። አፉ የተጎሰጎሰ ሰው እንደማይጮህ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ወጥቼ በሩን ደበደብኩ። ቀጭኔ አላብቶት ከፈተልኝ። ዕቃ እያስተካከልኩ ነው አለኝ።

ሰነባብቶ ቤቱ ተዘጋ። በወዲያ በኩል ያለው ጎረቤቱ፣ ከመሰላል የወደቀ የሥራ ጓደኛውን እያስታመመ ነው አለኝ።

ሄድኩ። ያው ሆስፒታል፣ ያው አልጋ፣ ያው ፀሐይ። የደም መመርመሪያው ዛሬም አልተሠራም። ነርሷም ያችው ናት፤ ቀጭኔን ያየችው ፊቱ አብጦ ስለነበር አሁን አላወቀችውም። እንዲህ ያለ አስታማሚ አይተን አናውቅም አለችኝ።

የተኛው ሰው ፊቱ ኩፍ ብሏል። ዓይኖቹ ክር አክለዋል። እናቱ እንኳ አትለየውም።

አውራ ጣቱን አየሁ። የጥርሴ ምልክት አለበት።

ቀጭኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጁን በፎጣ ይጠርግለታል። ጃኬት ለብሷል።

ከረጢቱ ሙሉ ነው። ቱቦው ደረቅ።

«ቀጭኔ...» አልኩት። «ሪፈር አልተጻፈለትም?»

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ለምን ብለው እትዬ» አለኝ። «ሽንቱ ጥሩ ነው።»