በላስቲኩ ሥር የቀረው መነጽር

አቶ ፍቅሩ ከቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ በጀርባቸው ተዘርረው ነበር። ከሰዓት በኋላ የጣለው ዝናብ ሸሚዛቸውን ከፊት አበስብሶታል። ኢንስፔክተር የሺሃረግ አስከሬኑን ስታስገለብጥ ግን ጀርባቸው ደረቅ ነው፤ ከሥራቸው ያለው አፈርም ገና አቧራ ነበር።

አልጋው ላይ ያለው ቡና በላስቲክ ተሸፍኖ በቃጫ ገመድ፣ በድርብ ቋጠሮ ታስሯል። ጠርዙን ገለጥ ስታደርገው ከነቅርፊቱ ከሚደርቀው ጀንፈል መሃል አንዱ መስታወቱ የተሰነጠቀ መነጽር አየች።

ሟቹ ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ። የቀበሌው መሬት «ለሕዝብ ጥቅም» ተብሎ ተወስዶ እንድርያስ ለተባለ ባለሀብት ሊሰጥ ነው፤ እሳቸው በማግስቱ ሚዛን ተፈሪ ችሎት ቆመው ለገበሬዎቹ ሊከራከሩ ነበር።

ባለቤታቸው አሰጋሽ ቀኑን የዋለችው ለቅሶ ቤት፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ነው።

«ላስቲኩን ማን ሸፈነው፣ እትዬ?»

«እሱ ነዋ። ሌላ ማን አለ?»

«ሁልጊዜ በቃጫ ነው የምታስሩት?»

«ኧረ እኛ ድንጋይ ነው የምንጭንበት። ፀሐይ በወጣ ቁጥር ቋጠሮ ስፈታ ልዋል ወይ ይለኝ ነበር።» ቃጫውን አየችና ቋጠሮውን በጣቷ ነካ አደረገች።

የሺሃረግ እንድርያስን ከተማ፣ ሆቴሉ በረንዳ ላይ አገኘችው።

«እኔ ልግደላቸው? ለምን ብዬ? ነገ እረታለሁ እኮ።»

«በምን?»

«ገበሬው ወዶ ፈቅዷል ብሎ የሚመሰክር አለኝ። ከራሳቸው ወገን።»

«ስሙ?»

«ችሎት ላይ ይሰሙታል።»

«ዝናብ ሲመጣ ቡና ሸፍነው ያውቃሉ?»

ሳቀ። «ቡናው እኮ ተነቅሎ ሻይ ሊተከልበት ነው፣ እመቤቴ።»

የቀረው ከሟቹ ጋር አጥር የሚጋራው ጎረቤታቸው ዓለምሰገድ ነበር። ልጁን ክርስትና ያነሱለት አቶ ፍቅሩ ናቸው።

«ሚዛን ተፈሪ ነበርኩ፣ ልጄ። አመሻሽ ላይ ስመለስ መርዶ ጠበቀኝ» አለ እንባውን እየጠረገ። «አበልጄን አጣሁ።»

የሺሃረግ በትከሻው በኩል አሻግራ አየች። የእሱ አልጋ ላስቲክ በአራቱም እግር ላይ በቃጫ፣ በድርብ ቋጠሮ ታስሯል።

በማግስቱ ማለዳ፣ ችሎቱ ሳይጀመር፣ ሦስቱንም አልጋው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ጀርባቸው ደረቅ ስለነበር የሞቱት ዝናቡ ሳይጀምር ነው። ቡናውም ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ዝናቡ ሳይጀምር ተሸፍኗል። እሳቸው ሸፍነውት ቢሆን ኖሮ መነጽራቸውን ከሥሩ ትተው አያስሩትም። ተገፍተው ሲወድቁ መነጽሩ አልጋው ላይ ወደቀ። ከዚያ ሌላ ሰው ሸፈነበት። እትዬ አሰጋሽ ለቅሶ ቤት ነበሩ። አቶ እንድርያስ ይህን ቡና ሊነቅሉት እንጂ ሊያድኑት አይፈልጉም። ቋጠሮው የማን እንደሆነ አጥሩን አሻግሮ ማየት ይበቃል።»

ወደ ዓለምሰገድ ዞረች።

«ሬሳ አጠገብ ቆመው ቡና ሸፈኑ፣ አቶ ዓለምሰገድ?»

«እጄ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ደመናውን ሳይ እጄ ራሱ ሄደ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው።» ወደ አሰጋሽ ዞረ። «እንድርያስ ልጄን እቀጥርልሃለሁ አለኝ። ለልጄ ብዬ ልመሰክር ነበር። ፍቅሩ ሰምቶ ኖሮ ጠርቶ ጠየቀኝ። ‹መንግሥት እንኳ ሲወስድ ሕገ መንግሥቱ ያበጀለት ልክ አለ። አንተ በማን ሥልጣን ነው በሁላችን ስም የምትፈቅደው?› አለኝ። በእልህ ገፋሁት፤ ራሱ ድንጋይ ላይ አረፈ።»

«ለማን ልጅ?» አለች አሰጋሽ። «ሲጠመቅ እቅፉ ውስጥ ይዞት የቆመው ማን ሆነና?»

ካቴናው ሲገባለት ሰማዩ ማንጠባጠብ ጀመረ። የተገለጠው ቡና ጠብታዎቹ ባረፉበት ጠቆረ። የዓለምሰገድ እጆች በካቴናው ውስጥ ተንቀሳቀሱ።

«አሰጋሽ... ቡናው።»

እንድርያስ ጃኬቱን ራሱ ላይ ጣል አደረገ። «እንግዲህ ዛሬ ለገበሬዎቹ የሚቆም የለም።»

«እኔ አለሁ» አለች አሰጋሽ።

ላስቲኩን ጎትታ አልጋው ላይ ዘረጋችው። ቃጫውን በጥሳ ጭቃው ላይ ጣለች፤ ድንጋዮቹንም አንድ በአንድ እያነሳች ጫነችበት።